አልጋ ወራሽ ወይስ የምርጫ ሣጥን? መሥራቹ ካለፈ በኋላ ሕዝበኛ ንቅናቄ ዕድሜ ይኖረዋልን?

"ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ አበው። ሕዝብን በአንድ ሰው ድምፅ፣ በአንድ ሰው ፎቶግራፍና በአንድ ሰው ስም የሚያሰልፉ የፖለቲካ ንቅናቄዎች ግን ሁለተኛ ባላ መትከል አይሆንላቸውም። ሌላ ሰው ልትከል ቢል እንኳ መሥራቹ ራሱ ይነቅለዋል። ታዲያ ያ አንዱ ባላ በሞት፣ በስደት ወይም በእርጅና የተሰበረ ዕለት ንቅናቄው ምን ይሆናል? አብሮ ይወድቃል ወይስ ይተርፋል?

ጥያቄው ለመማሪያ ክፍል ብቻ የሚሆን አይደለም። በኦገስት 2025 በቦሊቪያ በተደረገው ምርጫ፣ ከአንድ ዓመት ማቋረጥ በቀር ሀገሪቱን ለሃያ ዓመት ያህል የመራው ፓርቲ ወደ 3 በመቶ ድምፅ ወርዶ አይተናል። በአንጻሩ የአርጀንቲናው የፔሮን ንቅናቄ መሥራቹ ካረፉ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ምርጫ ይወዳደራል፤ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ይከፋፈላል፣ እንደገና ይነሣል። ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ ድሆች መካከል የበቀሉ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ዙሪያ የተሰለፉ ናቸው። የአንዱ ዕድሜ እንዲያ ረዝሞ የሌላው ለምን አጠረ?

እኔ የደረስኩበት መልስ አጭር ነው። ንቅናቄን ከመሥራቹ በኋላ የሚያቆየው መሥራቹ በጣቱ የሚጠቁመው አልጋ ወራሽ አይደለም። የሚያቆየው በአንድ በኩል በሕዝቡ ዕለታዊ ኑሮ ውስጥ የተተከለ ድርጅት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተሸናፊው ወገን በማግስቱ ቤቱን ጥሎ እንዳይወጣ የሚያደርግ የውስጥ ሕግ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ንቅናቄውን በሕይወት ሊያቆየው ይችላል። ሁለተኛው ሲጎድል ግን ያ ሕይወት ለንቅናቄውም ለሀገሩም መከራ ይሆናል። ይህንን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። (ዓመታቱም ወራቱም በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በቅድሚያ ሕዝበኝነት (ፖፑሊዝም) ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ቃሉ ዛሬ ለስድብ ስለሚውል ትርጉሙ ጠፍቷል። ሕዝበኝነት ማኅበረሰቡን ለሁለት የሚከፍል የፖለቲካ አነጋገር ነው፤ በአንድ ወገን የተበደለው እውነተኛ ሕዝብ፣ በሌላ ወገን ሀገር የሸጡ ጥቂት ባለጊዜዎች። መሪው በፓርላማ፣ በፓርቲ ወይም በጋዜጣ በኩል ሳይሆን በቀጥታ የሕዝቡ አፍ ነኝ ይላል። የመተካካቱ ችግር ከዚሁ ይመነጫል። ወንበር ይወረሳል፤ ቢሮም ይወረሳል። አፍ ግን እንዴት ይወረሳል?

ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ዌበር በአንድ ሰው ግርማ ሞገስ ላይ የቆመ ሥልጣን በተፈጥሮው ያልተረጋጋ መሆኑን፣ ባለግርማው ሲያልፍም ወይ ወደ ልማድ ወይ ወደ ሕግ መለወጥ እንዳለበት ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎ ነበር። አርጀንቲና ይህንን ለመመርመር ከማውቃቸው ሀገሮች ሁሉ የተሻለች ናት። በአንድ ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ሁሉም መንገድ ተሞክሮባታልና።

ፔሮን ምን ተክለው ነበር?

ኮሎኔል ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን ወደ ሥልጣን የወጡት በንግግር ችሎታቸው ብቻ አልነበረም። ከ1943ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ማንም የማይጓጓለትን የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያዙ። ከዚያ ቢሮ ሆነው ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍትን፣ ጡረታን፣ ያለበቂ ምክንያት ከሥራ ለሚባረር ካሣን ለብዙኃኑ ሠራተኛ አስፋፉ። በ1945 መጨረሻ ደግሞ በዓመቱ መዝጊያ የሚከፈል አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ ታወጀ። የሥራ ባልደረቦቻቸው የነበሩት መኮንኖች ፈርተዋቸው ባሠሯቸው ጊዜ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1945 ሠራተኛው ከከተማዋ ዳርቻ ተምሞ የቡዌኖስ አይረስን አደባባይ አጥለቀለቀና አስፈታቸው። በማግስቱ ዓመት በተደረገው ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1947 ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ለዚህም የታገሉት ባለቤታቸው ኤቫ ፔሮን (ኤቪታ) በድሆች ቤት እንደ ቅድስት ይታዩ ጀመር።

እዚህ ላይ መስተዋል ያለበት ነገር አለ። ፔሮን ጋዜጣ የዘጉ፣ ተቃዋሚ ያሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎችን ከነጻ መምህራን ያጸዱ ገዥ ነበሩ። እንደ እኔ በማስተማር ለኖረ ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቢሆንም ለሠራተኛው የሰጡት ነገር ንግግር ብቻ አልነበረም። በየፋብሪካው የሠራተኛ ተወካይ፣ በየማኅበሩ ሐኪም ቤትና የዕረፍት ሥፍራ፣ በየዓመቱ መጨረሻ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ነበር። መሪው ቢሄድ እንኳ አሥራ ሦስተኛው ደመወዝ በየዓመቱ ስማቸውን ያስታውስ ነበር።

በሴፕቴምበር 1955 ወታደሩ ፔሮንን ገልብጦ ከሀገር ሲያባርራቸው፣ አዲሶቹ ገዥዎች ንቅናቄው ከሰውየው ጋር ይሄዳል ብለው አሰቡ። በማርች 1956 የወጣው ድንጋጌ የፔሮንንና የኤቪታን ስም መጥራትን፣ ፎቶግራፋቸውን ማሳየትን፣ መዝሙራቸውን መዘመርን ሁሉ ወንጀል አደረገ። ጋዜጦች ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ "ሸሽቶ ያመለጠው አምባገነን" እያሉ ይጽፉ ጀመር። በ1952 ያረፉት የኤቪታ አስከሬን ሳይቀር ከተቀመጠበት ተሰርቆ በሚላኖ ከተማ በሐሰተኛ ስም ተቀበረ። ውጤቱስ? በ1957 ለሕገ መንግሥት ጉባኤ በተደረገው ምርጫ፣ መወዳደር የተከለከሉት የፔሮን ደጋፊዎች ባዶ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ከመራጩ አንድ አራተኛ ያህሉ ባዶ ወረቀት ሆነ፤ ከየትኛውም ፓርቲ ድምፅ አላነሰም። "የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" እንዲሉ፣ የታገደ መሪም ቁመቱ ይረዝማል። ንቅናቄን በአዋጅ ለመግደል የሚነሣ መንግሥት ሁሉ ይህችን ምርጫ ቢያስታውስ መልካም ነበር።

በስደት ያለ መሪ ለሁሉም ሁሉን ነው

ፔሮን አሥራ ስምንት ዓመት ያህል በስደት ኖሩ፤ አብዛኛውን ዘመን በማድሪድ። ከዚያ ሆነው በደብዳቤ፣ በተቀረጸ የድምፅ ክርና በመልእክተኛ ንቅናቄውን ይመሩ ነበር። እኛ በሰው ሀገር ሆነን ስለሀገራችን የምንጽፍና የምንከራከር ሰዎች ይህንን ምዕራፍ ከሌላው ሁሉ አብልጠን ማንበብ ይገባናል።

በሩቅ የተቀመጠ መሪ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምንም ውሳኔ መፈጸም አይጠበቅበትም። ፔሮን ለግራ ዘመሙ ወጣት አብዮተኛ መስለው ይጽፉለታል፤ ለቀኝ ዘመሙ የማኅበር አለቃ ደግሞ ሥርዓት አስከባሪ መስለው ይጽፉለታል። ሁለቱም ደብዳቤውን ኪሱ ይዞ "እውነተኛው የፔሮን ልጅ እኔ ነኝ" ይላል። ሀገር ውስጥ ሆኖ የራሱን ጉልበት ያደራጀ ሰው ብቅ ሲል ግን ከማድሪድ ይቀጨዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብረታ ብረት ሠራተኞች መሪ የነበሩት አውጉስቶ ቫንዶር "ፔሮን የሌሉበት የፔሮን ንቅናቄ" ወደሚባል መንገድ አዘነበሉ። በ1966 በሜንዶዛ ክፍለ ሀገር ለአገረ ገዥነት በተደረገው ምርጫ የቫንዶር ዕጩና የፔሮን ዕጩ ተፋጠጡ። ፔሮን ባለቤታቸውን ኢዛቤልን ወደ ሀገር ቤት ልከው የራሳቸውን ዕጩ አስደገፉ፤ የእርሳቸው ዕጩም የቫንዶርን በለጠ። ሁለቱ ተከፋፍለው ወንበሩን ሌላ ፓርቲ ወሰደው። ለመሥራቹ ግን ይህ ኪሳራ አልነበረም። ዓላማቸው ሜንዶዛን መያዝ ሳይሆን ሁለተኛውን ባላ መንቀል ነበር።

የዚህ ሁሉ ሂሳብ የተወራረደው በመመለሻቸው ቀን ነው። ጁን 20 ቀን 1973 ፔሮንን ለመቀበል ወደ ኤሴይሳ አውሮፕላን ማረፊያ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። በመድረኩ ዙሪያ የነበሩት የቀኝ ክንፍ ታጣቂዎች በግራው ክንፍ ሰልፈኞች ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ሁሉም የመጣው አንዱን ሰው ሊቀበል፣ ሁሉም የሚዘምረው አንዱን መዝሙር ነበር። ከማድሪድ ለየብቻ የተላኩት ደብዳቤዎች በዚያች ቀን አንድ ቦታ ተገናኙ።

ጣት የጠቆመው አልጋ ወራሽ

በሴፕቴምበር 1973 ፔሮን 62 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። ዕድሜያቸው 77 ነበር፤ ጤናቸውም ታውኳል። ምክትል ፕሬዚዳንት አድርገው ያቀረቡት ማንን ነው? የፖለቲካ ልምድ ያልነበራቸውን ሦስተኛ ባለቤታቸውን ኢዛቤልን። ከግራው አንዱን ቢመርጡ ቀኙ ያኮርፋል፤ ከቀኙ ቢመርጡ ግራው ይሸፍታል። ስለዚህ ማንንም የማይወክል፣ ከስማቸው በቀር ምንም የሌለው ሰው መረጡ።

ጁላይ 1 ቀን 1974 ፔሮን አረፉ። ኢዛቤል በዓለም ላይ "ፕሬዚዳንት" የሚል ማዕረግ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ሥልጣኑ ግን በአብዛኛው በኮከብ ቆጠራና በመናፍስት ጉዳይ የተጠመዱት፣ ሕዝቡ "ጠንቋዩ" ይላቸው በነበሩት ሚኒስትር በሎፔዝ ሬጋ እጅ ገባ። ከእርሳቸው ጋር የተቆራኘ የገዳዮች ቡድን የገዛ ንቅናቄያቸውን የግራ ክንፍ ሰዎች በየመንገዱ ይገድል ጀመር። በ1975 አጋማሽ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲሰቀል፣ ፔሮን ያደራጇቸው የሠራተኛ ማኅበራት በፔሮን ባለቤት መንግሥት ላይ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ማርች 24 ቀን 1976 ወታደሩ ገባ። ከዚያ የመጣው መከራ የታወቀ ነው። በኋላ የተቋቋመው መንግሥታዊ አጣሪ ኮሚሽን 8,961 ደብዛቸው የጠፋ ሰዎችን መዝግቧል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን እስከ 30,000 ያደርሱታል።

ጭፍጨፋው የወታደሮቹ ኃጢአት ነው፤ ለማንም አይላከክም። ሆኖም በሩን የከፈተላቸው ባዶ ወንበር ነበር። ወንበሩን ባዶ ያደረገው ደግሞ መሥራቹ ጣታቸውን ቀስረው የመረጡበት መንገድ ነው።

የተሸነፈው ቤት ሣጥን አወጣ

ወታደሩ በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ተዋርዶ ሥልጣን ሲለቅ፣ በኦክቶበር 1983 ነጻ ምርጫ ተደረገ። የፔሮን ፓርቲ እንደሚያሸንፍ ብዙዎች አልተጠራጠሩም፤ በነጻ ምርጫ ተሸንፎ አያውቅምና። ነገር ግን ዘመቻው ሊዘጋ በተደረገው ሰልፍ ላይ አንድ የፓርቲው ዕጩ የተቀናቃኙ ፓርቲ ቀለም የተቀባ የሬሳ ሣጥን በሕዝብ ፊት ሲያቃጥል በቴሌቪዥን ታየ። ከሰባት ዓመት እልቂት ለወጣ ሕዝብ የሬሳ ሣጥን ማሳየት! ራውል አልፎንሲን ከ51 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ፤ የፔሮን ዕጩ 40 በመቶ ላይ ቀረ።

እኔ የዚህ ንቅናቄ ሁለተኛ ልደት ብዬ የምቆጥረው ይህንን ሽንፈት ነው። ከሽንፈቱ በኋላ አንቶኒዮ ካፊዬሮን፣ ካርሎስ ሜኔምንና ሌሎችን የያዘ "የተሃድሶ" ቡድን ተነሣ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ መሪዎቻችንን የማኅበር አለቆች በጓዳ ተሰብስበው ከሚመርጡልን አባላቱ በሣጥን ይምረጡ። ከብዙ ንትርክ በኋላ በጁላይ 1988 የፓርቲው አባላት በመላ ሀገሪቱ ወጥተው የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን መረጡ። የፓርቲውን መዋቅር በእጃቸው የያዙት ካፊዬሮ ያሸንፋሉ ሲባል፣ ሜኔም 53 ለ46 ገደማ በሆነ ውጤት አሸነፏቸው። በ1989ም ሜኔም የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሜኔም መልአክ አልነበሩም። የመንግሥትን ሀብት፣ ከስልክ ድርጅቱ እስከ ነዳጅ ኩባንያው፣ ሸጠው የፔሮንን ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች ገለበጡት። ኋላ የመጡት የዚያው ፓርቲ ሰዎች ደግሞ አየር መንገዱን በ2008፣ የነዳጅ ኩባንያውን አብዛኛውን ድርሻ በ2012 መልሰው ወረሱ። አንድ ስም፣ አንድ መዝሙር፣ ሁለት ተቃራኒ ፖሊሲ። እንግዲህ የተረፈው የመሥራቹ ሐሳብ አይደለም። የተረፈው ስሙና ሕዝቡ ለስሙ ያለው ታማኝነት ነው። የውስጥ ምርጫም ጥሩ መሪ እንደሚያመጣ ዋስትና አይሰጥም።

ሆኖም የውስጥ ምርጫው አንድ ሌላ ነገር ሰጥቷል። ካፊዬሮ በተሸነፉ ማግስት ምን አደረጉ? አዲስ ፓርቲ አልመሠረቱም። "ተጭበርብሬአለሁ" ብለው ጦር አልሰበቁም። ሽንፈታቸውን ተቀብለው ከአሸናፊያቸው ጎን ቆሙ። የአንድ ንቅናቄ ዕድሜ የሚለካው መሪው ሲያሸንፍ በሚጮኸው ጭብጨባ ሳይሆን ተሸናፊው በማግስቱ በሚያደርገው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ፔሮን በሕይወት ሳሉ ይህ አንድም ቀን አልታየም። ከሞቱ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ግን ታየ።

ወደ ጣት መመለስ

ያሳዝናል፣ ትምህርቱ አልሰነበተም። በ2001 ኢኮኖሚው ከፈራረሰ በኋላ በመጣው የ2003 ምርጫ ፓርቲው የውስጥ ምርጫውን ሰረዘ፤ ሦስት የፔሮን ሰዎች በየራሳቸው ባንዲራ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ኔስቶር ኪርችነር በ22 በመቶ ድምፅ፣ ተቀናቃኛቸው ሜኔም ሁለተኛውን ዙር ትተው ስለወጡ ብቻ ቤተ መንግሥት ገቡ። ከዚያ በኋላ ዕጩነት ከቤት ወደ ቤት ይተላለፍ ጀመር። በ2007 ከባል ወደ ሚስት፣ ወደ ክርስቲና ፈርናንዴዝ ዴ ኪርችነር ተሻገረ። በ2009 የወጣ ሕግ ፓርቲዎች ሁሉ በግልጽ ቅድመ ምርጫ እንዲያልፉ ቢያስገድድም፣ የገዥው ወገን ብዙውን ጊዜ አንድ ዕጩ ብቻ ይዞ እየቀረበ ሕጉን ቅርፊት አደረገው። መውጫ ያጣው ተቀናቃኝ በሩን ከፍቶ ሄደ። ሰርጂዮ ማሳ በ2013 የራሳቸውን ግንባር መሠረቱ፤ በ2015ም 21 በመቶ ያህል ድምፅ ይዘው ወጡ። ማውሪሲዮ ማክሪ በሁለተኛው ዙር የፔሮንን ወገን ያሸነፉት ከ3 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነበር።

በሜይ 2019 ክርስቲና በአንድ ቪዲዮ ብቅ ብለው የፕሬዚዳንቱ ዕጩ አልቤርቶ ፈርናንዴዝ፣ ምክትላቸውም እርሳቸው ራሳቸው እንደሚሆኑ አስታወቁ። ጉባኤ የለ፣ ሣጥን የለ። እንደ ምርጫ ስልት የተዋጣለት ነበር፤ አሸነፉ። እንደ መንግሥት ግን ምክትሉ ከፕሬዚዳንቱ የሚበልጥበት ቤት ሆነ። በ2021 ለፓርላማ ምርጫ በተደረገው ቅድመ ምርጫ ሲሸነፉ የክርስቲና ሰዎች የሆኑ ሚኒስትሮች የመልቀቂያ ደብዳቤ አቀረቡ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቷ የራሳቸውን ፕሬዚዳንት በግልጽ ደብዳቤ ወቀሱ። በ2023 የዋጋ ግሽበቱ ከ211 በመቶ አለፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር፣ "ባለጊዜዎቹን" እያወገዘ የመጣ ሌላ ሕዝበኛ፣ ሀቪየር ሚሌይ፣ በ56 በመቶ ገደማ ድምፅ ጠራርጎ አሸነፈ። ድሮ በድሆቹ ስም የሚናገረው ቤት ራሱ የባለጊዜዎች ቤት ተብሎ ተፈረጀ።

በ2024 ክርስቲና የፓርቲው ሊቀመንበር የሆኑት ተፎካካሪያቸው በቂ ፊርማ አላሟላም ተብሎ ከውድድሩ ስለተወገደ እንጂ ድምፅ ተሰጥቶ አይደለም። በጁን 2025 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙስና የተፈረደባቸውን የስድስት ዓመት እስራትና ከመንግሥት ሥልጣን የመታገድ ቅጣት አጸናባቸው። በሴፕቴምበር በቡዌኖስ አይረስ ክፍለ ሀገር የፔሮን ወገን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ በኦክቶበር በሀገር አቀፍ ደረጃ ተሸነፈ። እንግዲህ ቤቱ አልሞተም። ሲሶው መራጭ ምንም ቢመጣ አይከዳውም። የሚያምሰው ግን "ቀጣዩን ማን ይመርጣል?" የሚለው ያው የ1974 ጥያቄ ነው።

ጎረቤቶቹስ?

አንዳንድ አንባቢ "ይህ የአርጀንቲና ጠባይ ነው" ሊለኝ ይችላል። እንግዲያው ወደ ጎረቤት እንሻገር።

በቦሊቪያ ኤቮ ሞራሌስ ከኮካ ገበሬዎች ማኅበር ተነሥተው በ2005 መጨረሻ ተመረጡ። ንቅናቄያቸው ሥር አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የገበሬ ማኅበራት፣ የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች፣ የሠራተኛ ኮንፌዴሬሽን ሁሉ ከኋላቸው ነበሩ። በ2016 ሕዝቡ በድጋሚ እንዳይወዳደሩ በሕዝበ ውሳኔ ቢከለክላቸውም በፍርድ ቤት በኩል ዞረው ተወዳደሩ፤ በ2019 በውዝግብ ከሥልጣን ወርደው ተሰደዱ። ከስደት ሆነው በጣታቸው የጠቆሟቸው ሉዊስ አርሴ በ2020 በ55 በመቶ ድምፅ አሸነፉ። ንቅናቄው ከመሥራቹ እንደተረፈ የተመሰከረለት ያን ጊዜ ነው። መሥራቹ ግን የጠቆሙት ሰው ወንበር ጠባቂ እንጂ ወራሽ መሆኑን አልፈቀዱም። ሁለት ጉባኤ፣ ሁለት ሊቀመንበር፣ በየፍርድ ቤቱ የፓርቲውን ስም የእኔ ነው የሚል ክስ ተከተለ። በኦገስት 2025 የፓርቲው ዕጩ 3 በመቶ ገደማ አገኘ፤ በዕጩነት ያልቀረቡት ሞራሌስም ደጋፊዎቻቸውን ድምፃቸውን እንዲያበላሹ ቀሰቀሱ። ሥር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

በቬኔዝዌላ ኡጎ ቻቬዝ ለመጨረሻው ሕክምና ከመሄዳቸው በፊት፣ በዲሴምበር 2012 በቴሌቪዥን ቀርበው ኒኮላስ ማዱሮን ምረጡ አሉ። በማርች 2013 አረፉ። ማዱሮ በአፕሪል ያሸነፉት ከ2 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነበር፤ የቻቬዝ ሐዘን ገና ሳይደርቅ! ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሰደደ፤ በጁላይ 2024 በተደረገው ምርጫም መንግሥት በየጣቢያው የተቆጠረውን ድምፅ ሳይዘረዝር አሸንፌአለሁ አለ። በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ ጦር ማዱሮን ይዞ ሲወስዳቸውም ወንበሩን የተረከቡት የራሳቸው ምክትል ነበሩ። ይህ ምን ተረፈ ያሰኛል? የተረፈው መንግሥቱ ነው። ንቅናቄው ግን ሣጥኑን በእውነት ለመቁጠር በፈራ ዕለት አብቅቶለታል።

ሌላ መንገድም አለ። በሜክሲኮ አንድሬስ ማኑኤል ሎፔዝ ኦብራዶር ሞሬና የተባለውን ፓርቲ መሥርተው በ2018 አሸነፉ። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ዳግመኛ መመረጥን ስለሚከለክል ጊዜያቸው ሲያበቃ ወረዱ። በ2023 ፓርቲው ዕጩውን በሕዝብ አስተያየት ጥናት መረጠ፤ ክላውዲያ ሼንባውም አንደኛ ወጡ። ሁለተኛ የወጡት ማርሴሎ ኤብራርድ በአሠራሩ ላይ ቅሬታ አሰሙ፤ ይወጣሉ ሲባል ቀሩ፤ በኋላም በሼንባውም ካቢኔ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆኑ። የመሥራቹ ጥላ ከቤቱ ገና አልተነሣምና ፍርዱን ጊዜ ይሰጣል። ሆኖም "ተሸናፊው በማግስቱ ምን አደረገ?" በሚለው ሚዛን ይህ ቤት ከቦሊቪያው የተሻለ ጀምሯል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

የእኛን ጉዳይ ከእነዚህ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ቅንጅት በትክክለኛው ትርጉም ሕዝበኛ ንቅናቄ አልነበረም፤ በአንድ ሰው ስምም አልተጠራም። ግን በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2005) ምርጫ የተነሣው ያ ማዕበል እንዴት እንደበረደ የማያስታውስ የዚህ ገጽ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሕዝቡ በጥይት ተቆላ፤ መሪዎቹ በኖቬምበር 2005 ታሠሩ። ይህ የገዥው ቡድን ግፍ ነው፤ ታሪክ ይመዘግበዋል። መሪዎቹ በጁላይ 2007 ከወጡ በኋላ በወራት ውስጥ ለሁለት ለሦስት መከፈላቸው ግን በግፉ ብቻ አይገለጽም። ሊቀመንበሩን ማን ይሾመዋል፣ ማን ይሽረዋል፣ በድምፅ የተሸነፈው ወገን ምን መብት ይኖረዋል ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉም አካል የሚገዛለት መልስ አልነበረም። ጠቡም በየከተማው ወደምንገኘው ስደተኞች ተሻግሮ፣ ትናንት አብረው ሰልፍ የወጡ ሰዎች በአንድ አዳራሽ መቀመጥ ተሳናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ድርጅት ተመሠረተ? ስንቱስ መሥራቹ ሲደክመው አብሮ ደከመ? አዲስ ድርጅት ሲቋቋም የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "መሪው ማን ነው?" የሚል ነው። ደንቡን ያነበበ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ገንዘብ የምናዋጣው ለሰው፣ የምንጣላው ስለ ሰው፣ የምናኮርፈው በሰው ነው። ከባሕር ማዶ የተቀመጠ መሪም ለሁሉም የሚወደውን እየነገረ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የኤሴይሳው ቀን እስኪመጣ ድረስ።

ስለዚህ ለማንኛውም የተቃዋሚ ድርጅት፣ ሀገር ቤት ያለም ይሁን በውጭ፣ ድጋፋችንን ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ብናቀርብ ይበጃል። አንደኛ፣ መሪው ነገ ቢታሠር ወይም ቢሞት አባላቱን በየሳምንቱ የሚያገናኝ፣ ለኑሯቸው የሚረዳ ምን ነገር አለ? ሁለተኛ፣ ቀጣዩን መሪ የሚመርጠው ጣት ነው ወይስ ሣጥን? ሦስተኛ፣ ባለፈው ምርጫ በድርጅቱ ውስጥ የተሸነፈው ሰው ዛሬ የት ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ "ከእኛ ጋር ነው፤ እዚያ ማዶ ተቀምጧል" የሚል መልስ ያገኘ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያለ ስጋት ይስጥ።

ሕዝበኛ ንቅናቄ ከመሥራቹ ሊተርፍ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። የፔሮን ቤት ሰማንያ ዓመት ቆሞ መስክሯል። ነገር ግን እየተነሡ እየወደቁ፣ ሀገርን አብሮ እየጣሉ መኖርም መኖር ነው ከተባለ ነው። ሁለተኛውን ባላ መትከል ያለበት መሪው አይደለም፤ አባላቱ ናቸው። መሪው ገና በጤናው ቆሞ ሳለም ነው።

ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!